የሽምብራው ፉሳሪየም ነው ወይስ የምስሩ?

ከአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ከአቃቂ ተነሥቶ በቱሉ ዲምቱና በገላን አድርጎ እስከ ዱከም በሚዘልቀው ጥቁር የኮትቻ መሬት ላይ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል በየዓመቱ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ አምና ሽምብራ በጠወለገበት ማሳ ላይ ዘንድሮ ምስር ቢዘራ ይበጃል ወይ? መልሱ የሚገኘው አፈሩ ውስጥ ያለውን ፈንገስ በስሙ በማወቅ ሳይሆን፣ የትኛውን ሰብል ማጥቃት እንደሚችል በመለየት ነው። ይህ ልዩነት ግን ብዙ ጊዜ ከቤተ ሙከራ በሚመጣው የውጤት ወረቀት ላይ አይሰፍርም፤ በዕፅዋት ጥበቃ ሙያችን ውስጥ ሊቀሩ ይገባል ከምላቸው ልማዶች አንዱም ይኸው ነው።

ጥያቄውን በቅርቡ ያቀረቡልኝ ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አዛውንት ገበሬ ናቸው። ከማሳቸው የሚበዛው ለቤት መሥሪያ ከሄደ ወዲህ የቀራቸው ጥቂት ጥማድ ብቻ ስለ ሆነ፣ ጤፉም ሽምብራውም ምስሩም እዚያችው ላይ ይፈራረቃል። የጠወለገውን ሽምብራ ግንድ ወስጄ አስመረመርሁላቸውና «አባባ፣ ፉሳሪየም ኦክሲስፖረም የሚባል ፈንገስ ነው» ብዬ ብነግራቸው፣ «ልጄ፣ ስሙን ነገርሽኝ እንጂ ሥራውን መች ነገርሽኝ» አሉኝ። ትክክል ነበሩ።

ፉሳሪየም ኦክሲስፖረም ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሽሌክተንዳል እ.ኤ.አ. በ1824 የገለጸው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)፣ በሚታረስም በማይታረስም አፈር ውስጥ በዓለም ዙሪያ የሚገኝ ፈንገስ ነው። አብዛኛው ክፍሉ ማንንም አይጎዳም፤ የሞተ ሥርና የበሰበሰ ገለባ እየበላ ይኖራል። ጤነኛ ሥር ውስጥ ገብቶ ምንም ምልክት ሳያሳይ የሚቀመጥም አለ። በደቡብ ፈረንሳይ ሻቶረናር ከተባለ አካባቢ የተገኘው ኤፍኦ 47 የተባለው ደግሞ ጎጂ ዘመዶቹን የሚሻማና ተክሉን ከእነርሱ የሚጠብቅ ስለ ሆነ ሆን ተብሎ ለጥበቃ ሲጠና ቆይቷል። ስለዚህ አንድ ቤተ ሙከራ «ፉሳሪየም ኦክሲስፖረም ተገኝቷል» ሲል፣ የተገኘው ገዳዩ ይሁን ጠባቂው ወይም መንገደኛው ከዚህ ዐረፍተ ነገር ብቻ ሊታወቅ አይችልም።

ጎጂ የሆኑትን ለይቶ መጥራት የግድ ስለ ነበር፣ ስናይደርና ሀንሰን የተባሉ ሁለት የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች በ1940 ቀድሞ በብዙ ስሞች ተበታትነው የነበሩትን ፈንገሶች በአንድ ዝርያ ሥር ጠቅልለው፣ ከዚያ በታች ያለውን ክፍፍል ፈንገሱ በሚያጠቃው ተክል ላይ መሠረቱት። እያንዳንዱ ቡድን ፎርማ ስፔሺያሊስ ይባላል። የሽምብራው ሲሴሪስ፣ የምስሩ ሌንቲስ፣ የቲማቲሙ ሊኮፐርሲሲ፣ የሽንኩርቱ ሴፔ፣ የሙዙ ኩቤንሴ ይባላል፤ እስከ አሁን የተመዘገቡት ከ100 በላይ ናቸው። አመዳደቡ ከቅርጽ ወይም ከቀለም አይነሣም፤ ከሚያደርሰው ጉዳት ብቻ ነው የሚነሣው። የተፈጥሮ ሳይንስ በዚህ መንገድ የሚከፋፍላቸው ሕያዋን ብዙ አይደሉም፤ ለገበሬ ግን ከዚህ የሚቀርብ ምደባ ያለ አይመስለኝም።

ወደ ቤተ ሙከራ ከመሄድ በፊት ማሳው ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። የሽምብራው ፉሳሪየም በሥር በኩል ገብቶ የውኃ ማስተላለፊያ ቱቦዎቹን ስለሚዘጋ፣ ተክሉ አፈሩ እርጥበት እያለው እንኳ ይጠወልጋል። ከተዘራ ገና አንድ ወር ሳይሞላው ሊረግፍ ይችላል፤ ወይም እስኪያፈራ ቆይቶ እሸቱ ሊበላ ሲቃረብ ይወድቃል። ሥሩ ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ነው፤ ነገር ግን ግንዱ ከሥሩ አንገት ጀምሮ ቁልቁል በምላጭ ሲሰነጠቅ መካከሉ ላይ ቡናማ ወይም ጠቆር ያለ መስመር ይታያል። ስክሌሮሺየም የሚባለው ሌላው የአፈር ፈንገስ ከሆነ አንገቱ ይበሰብሳል፣ ነጭ ድር መሰል ነገርና ጥቃቅን ቡናማ እንክብሎችም ይወጡበታል። የደረቅ ሥር መበስበስ ከሆነ ደግሞ ሥሩ ደርቆ ሲነኩት ቅንጥብ ቅንጥብ ይላል። በኮትቻ መሬት ላይ ውኃ ሲቋጥር በባቄላ ላይ የሚመጣው ጥቁር የሥር መበስበስ ደግሞ በአብዛኛው የፉሳሪየም ሶላኒ ሥራ ነው፤ እርሱም ሌላ ዝርያ ነው፣ መፍትሔውም በአብዛኛው ውኃውን ከማጠንፈፍ ይጀምራል። አካባቢያችን ውስጥ እነዚህ ሁሉ «ሥር አበስብስ» ወይም «አጠውልግ» በሚል አንድ ስም ይጠራሉ፤ ናሙና ይዞ የሚመጣ የልማት ሠራተኛ ግንዱን ሰንጥቆ ያየውን በወረቀት ጽፎ ቢያያይዝ ከብዙ ድካም ያድነናል።

ቀጥሎ ያለው የቤተ ሙከራ ሥራ ለሁሉም ፎርማ ስፔሺያሊስ አንድ ዓይነት ነው። ከተሰነጠቀው ግንድ ላይ ቡናማው ክፍል በትናንሹ ተቆርጦ፣ በተበረዘ በረኪና ላዩ ታጥቦ፣ በንጹሕ ውኃ ተለቅልቆ የድንች አጋር የተባለ የፈንገስ ማሳደጊያ ምግብ ያለበት ሳህን ላይ ይቀመጣል፤ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነጭ፣ ቆየት ሲል ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ፈንገስ ይወጣል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ትናንሽ ስፖሮቹ (የሚራባባቸው ቅንጣቶች) በአጫጭር ቀንበጦች ጫፍ ተሰብስበው፣ ጨረቃ መሰል ትላልቅ ስፖሮችም አብረው፣ እንዲሁም ወፍራም ግድግዳ ያላቸው ክላሚዶስፖሮች ይታያሉ። ቀንበጦቹ ረዣዥም ቢሆኑ ሶላኒ ነው ብለን ልንጠረጥር እንችላለን። እስከዚህ ድረስ ዐይን ይረዳል። ከዚህ በኋላ ግን የሽምብራውን ከምስሩ፣ የምስሩን ከቲማቲሙ፣ ገዳዩንም ከኤፍኦ 47 በቅርጽ ለመለየት መሞከር በጥምቀት ቀን ጃን ሜዳ ላይ ነጭ ነጠላ የለበሰውን ሕዝብ ሁሉ ከጀርባው አይቶ ማን ከየት እንደ መጣ ለመናገር እንደ መሞከር ነው። የቀለሙ ድምቀትና የእድገቱ ፍጥነት በአንድ ፎርማ ስፔሺያሊስ ውስጥ እንኳ እጅግ ይለያያል፤ ስለዚህ «ቀለሙ ከሽምብራው ጋር ይመሳሰላል» የሚል ሪፖርት ባየሁ ቁጥር ወረቀቱን ወደ ጎን አደርገዋለሁ።

መለያው ተክሉ ራሱ ነው። ከአንድ ስፖር ብቻ ተነሥቶ የተራባው ፈንገስ፣ እኛ አይሶሌት የምንለው፣ በተለያዩ ሰብሎች ችግኝ ላይ ተራ በተራ ይሞከራል። ሳምንት ያለፈው የሽምብራ፣ የምስር፣ የአተርና የባቄላ ችግኝ ተነቅሎ፣ ሥሩ ታጥቦ፣ ጫፉ ትንሽ ተቆርጦ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 1 ሚሊዮን ያህል ስፖር ባለበት ውኃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃዎች ተነክሮ በተቀቀለ አፈር ላይ ይተከላል። ከእያንዳንዱ ሰብል ሥራቸው በንጹሕ ውኃ ብቻ የተነከረ ማነጻጸሪያዎች ከጎኑ ይቆማሉ። ከዚያ እስከ 6 ሳምንት መጠበቅ ነው። ከሽምብራ የተገኘው አይሶሌት ሽምብራውን አጠውልጎ ምስሩን ቢተወው፣ ከምስር የተገኘውም ምስሩን አጠውልጎ ሽምብራውን ቢተወው፣ ሁለት የተለያዩ የፈንገስ ሕዝቦች በአንድ ማሳ ውስጥ ይኖራሉ ማለት ነው። በመጨረሻም ከጠወለገው ተክል ፈንገሱ እንደገና መውጣት አለበት፤ ያለዚያ ተክሉን የገደለው እርሱ ለመሆኑ ማስረጃ የለም።

በዚህ ሙከራ ላይ ሦስት ነገሮች በቸልታ ይታለፋሉ ብዬ አምናለሁ፤ ሦስቱም ውጤቱን ሊገለብጡት ይችላሉ። አንዱ ሙቀት ነው። ይህ ፈንገስ በ25 ዲግሪ አካባቢ ሥራውን በደንብ ይሠራል፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትርን በሚያልፈው በእኛ አካባቢ ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ማሞቂያ በሌለው ላስቲክ ቤት ውስጥ የተካሄደ ሙከራ «አላጠቃም» ቢል፣ ፈንገሱ አቅም አጥቶ ሳይሆን ብርድ ይዞት ሊሆን ይችላል። ሌላው የሥሩ መቆረጥ ነው። ሥር ሲቆረጥ ፈንገሱ በተክሉ የተፈጥሮ በር ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ውኃ መስመሩ ይገባል፤ በማሳ ላይ ፈጽሞ የማይሆነውን ጥቃት በማሰሮ ውስጥ ሊያሳየን ይችላል። ስለዚህ ያልተቆረጠ ዘር በተበከለ አፈር ላይ የሚዘራበትን ሙከራ ጎን ለጎን ማካሄድ ይገባል፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ማሰሮም ይበዛል፣ ግን ገበሬው የሚጠይቀው ጥያቄ ከዚህኛው ጋር ነው የሚመሳሰለው። ሦስተኛው፣ ለእኔ ትልቁ፣ ጤነኛ መስሎ የቆመው ተክል ሳይመረመር መጣሉ ነው።

ይህን የመጨረሻውን ላብራራው። ሀዋሬና ኔኔ የተባሉ ተመራማሪዎች በሕንድ ሀገር ኢክሪሳት በተባለው ዓለም አቀፍ የሰብል ምርምር ተቋም ሲሠሩ በ1982 ባወጡት ጥናት፣ የሽምብራው ፉሳሪየም በምስር፣ በአተርና በእርግብ አተር ሥር ውስጥ ገብቶ ምንም የሕመም ምልክት ሳያሳይ መኖር እንደሚችል አሳይተዋል። ምስሩ አረንጓዴ ነው፣ ያብባል፣ ያፈራል፤ ሥሩ ግን ለሽምብራው ጠላት ማደሪያ ሆኗል። እንግዲህ «የሽምብራው ፈንገስ ምስርን አያጠቃም» የሚለው ዐረፍተ ነገር እውነት ሆኖ ሳለ፣ «ስለዚህ ምስር ማፈራረቂያ ይሁን» የሚለው መደምደሚያ ስሕተት ሊሆን ይችላል። ማጥቃትና መኖር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፎርማ ስፔሺያሊስ የሚለው ምደባ የሚነግረን የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ አፈሩ ከዓመት ወደ ዓመት የሚያስቀምጠውን የፈንገስ መጠን የሚወስነው ግን ሁለተኛውም ጭምር ነው። ከዚህ ላይ ፈንገሱን በአፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚያቆየውን ባለ ወፍራም ግድግዳውን ክላሚዶስፖር ስንጨምር ነገሩ ይከብዳል፤ የሽምብራው ፉሳሪየም ሽምብራ በሌለበት አፈር ውስጥ እስከ 6 ዓመት ሊቆይ እንደሚችል ታይቷል። የጎረቤቴ ዓይነት ጠባብ መሬት ያለው ገበሬ 6 ዓመት ሽምብራ ሳይዘራ እንዲጠብቅ መምከር ቀልድ ነው።

በአንዱ ፎርማ ስፔሺያሊስ ውስጥም ቢሆን ክፍፍሉ አያበቃም። የሽምብራው ፈንገስ ሬስ ተብለው የሚጠሩ ስምንት ቡድኖች ተገልጸውበታል፤ አራቱን ሀዋሬና ኔኔ በዚያው ዓመት ከሕንድ ገለጿቸው፣ ሌሎቹ ደግሞ በተለይ ከሜዲትራንያን አካባቢና ከካሊፎርኒያ በተሰበሰቡ አይሶሌቶች ላይ ታወቁ። ከፊሎቹ ተክሉን ቀስ በቀስ ቢጫ ያደርጉታል፤ ሌሎቹ በፍጥነት ያጠወልጉታል። መለያው የታወቁ የሽምብራ ዝርያዎችን ጎን ለጎን ዘርቶ የትኛው እንደ ወደቀና የትኛው እንደ ቆመ ማየት ነው። በሕንድ እንደ ተጠቂ ማነጻጸሪያ ለረጅም ጊዜ ያገለገለው ጄጂ 62 የተባለው ዝርያ፣ ሬስ 0 ለተባለው ግን የሚበገር አይደለም፤ «ተጠቂ ዝርያ» ስንል እንኳ ለማን ተጠቂ እንደ ሆነ መጠየቅ አለብን። በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በኩል ከተለቀቁት እንደ አረርቲ፣ ሀብሩና ናቶሊ ካሉት የሽምብራ ዝርያዎች ውስጥ ገበሬው አንዱን መርጦ ሲዘራ፣ በእርሱ ማሳ ላይ መልካም የሆነው ዝርያ በጎረቤቱ ማሳ ላይ የሚወድቅበት አንዱ ምክንያት ይኸው የሬስ ልዩነት ሊሆን ይችላል፤ ገበሬዎች ግን ይህን ብዙ ጊዜ የዘር ማጭበርበር አድርገው ይወስዱታል፣ አይፈረድባቸውም።

ሬስ ከሬስ የሚለይበት ምክንያት ከሁሉም ይልቅ የተብራራው በቲማቲም ላይ ነው። ፈንገሱ በቲማቲሙ የውኃ ቱቦ ውስጥ ሲኖር ትናንሽ ፕሮቲኖችን ያመነጫል፤ እነዚህም ሲክስ በሚል የጋራ ስም ይጠራሉ፣ የመጀመሪያውንም በአምስተርዳም ማርቲን ሬፕና ባልደረቦቹ በ2004 ገለጹት። ሬስ 1 ሲክስ 4 የተባለው ዘረ መል አለው፤ አይ የተባለ የመቋቋሚያ ዘረ መል ያለው ቲማቲም ያንን ፕሮቲን ዐውቆ በሩን ይዘጋበታል። ሬስ 2 ያንን ዘረ መል ስለሌለው ሳይታወቅ ያልፋል። አርቢዎች አይ 2 የተባለ ሌላ መቋቋሚያ ሲያመጡ፣ እርሱ የሚያውቀው ሲክስ 3 ላይ በአንድ ነጥብ ብቻ ለውጥ ያደረገው ሬስ 3 ሆኖ ብቅ አለ። በዚህ ሁሉ መካከል ፈንገሱ በማይክሮስኮፕ ሲታይ አንድ ነው። በአቃቂ ወንዝ ዳር ቲማቲም የሚያለሙ ወጣቶች ከውጭ የመጣ ዘር ፓኬት ላይ «ፉሳሪየምን ይቋቋማል» የሚል ጽሑፍ ሲያዩ፣ ከጎኑ ያሉትን ቁጥሮች እንዲያነቡ የምወተውታቸው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቁጥሮቹ የሚናገሩት ስለ የትኛው ሬስ እንደ ሆነ ነው።

ፎርማ ስፔሺያሊስና ሬስ የሚነግሩን ፈንገሱ ስለሚሠራው ሥራ ነው እንጂ ስለ ዘመድነቱ አይደለም። ዘመድነቱን ለማወቅ ፑሃላ የተባለው ተመራማሪ በ1985 ያስተዋወቀው ዘዴ በቀላል መሣሪያ የሚሠራ ስለ ሆነ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። ፈንገሱ ክሎሬት ባለበት ምግብ ላይ ሲያድግ ናይትሬትን መጠቀም የሚችለው ክሎሬቱን ወደ መርዝ ለውጦ ራሱን ይጎዳል፤ በአጋጣሚ ይህን ችሎታ ያጣው ብቻ ይተርፋል። የተረፈው ናይትሬት ብቻ ባለበት ሳህን ላይ ሲቀመጥ ሳሳ ብሎ ያድጋል። ከሁለት አይሶሌቶች የተገኙና በተለያየ ቦታ ላይ የተበላሹ ሁለት ዓይነቶች ፊት ለፊት ሲቀመጡ፣ ክሮቻቸው ተገናኝተው መዋሐድ ከቻሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ስለሚሞላ በመገናኛው መስመር ላይ ወፍራም ነጭ እድገት ይነሣል። ካልተዋሐዱ መስመሩ ባዶ ይቀራል። የሚዋሐዱት በብዙ ዘረ መሎች ላይ አንድ የሆኑት ብቻ ስለ ሆኑ፣ በአብዛኛው ከአንድ አባት የወጡ ናቸው ማለት ይቻላል። ድክመቱ ለማንኛውም አዲስ አይሶሌት ማነጻጸሪያ የሚሆን ስብስብ በእጅ መኖር ማስፈለጉና ውጤቱ የሚናገረው ስለ መዋሐድ እንጂ ስለ ማጥቃት አለመሆኑ ነው፤ አንድ ፎርማ ስፔሺያሊስ ብዙ የማይዋሐዱ ቡድኖች ሊኖሩት ይችላል።

የዘረ መል ንባብ ሲመጣ ብዙዎች ነገሩ በአንድ ጊዜ ይፈታል ብለው ጠብቀው ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ኦዶኔልና ባልደረቦቹ በ1998 የሙዙን ፉሳሪየም ሲያጠኑ፣ ሙዝን የሚገድሉት አይሶሌቶች ሁሉ የአንድ ዘር ልጆች እንዳልሆኑ፣ ከፊሎቹ እርስ በርሳቸው ከሚቀራረቡት ይልቅ ሌላ ሰብል ከሚያጠቁት ጋር እንደሚቀራረቡ አሳዩ። ሙዝን የመግደል ችሎታ ከአንድ ጊዜ በላይ በተለያየ ቦታ ተወልዷል ማለት ነው። በአንጻሩ የሽምብራው ፈንገስ ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰበ ቢሆንም የአንድ ግንድ ልጅ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ዘመድነትን የሚያሳይ አንድ ዘረ መል አንብቦ «ይህ የሽምብራው ነው» ማለት በሽምብራ ላይ ሊያስኬድ ይችላል፤ በሙዝ ላይ ግን ገደል ይከታል።

ለዚህ ግራ መጋባት ከሁሉ የሚያጠግበውን መልስ የሰጠው በ2010 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣው፣ ሊ-ጁን ማ የተባለችው ተመራማሪና የባልደረቦቿ ሥራ ነው። የቲማቲሙ ፉሳሪየም 15 ክሮሞሶሞች አሉት፤ ከእነርሱ 4ቱ በሌሎች የቅርብ የፉሳሪየም ዘመዶቹ ላይ የሌሉ ናቸው፣ የሲክስ ዘረ መሎችም የሚገኙት ከእነርሱ በአንዱ፣ በ14ኛው ክሮሞሶም ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ ቲማቲሙን የሚያጠቃውን አይሶሌት ከማይጎዳው ኤፍኦ 47 ጋር በአንድ ሳህን ላይ ሲያሳድጉ፣ ያ ክሮሞሶም ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻገረ፤ ኤፍኦ 47ም ቲማቲም አጥቂ ሆነ። በሌላ አነጋገር ፈንገሱ የሚያጠቃውን ሰብል የሚወስነው ችሎታ ከዋናው ዘሩ ተለይቶ ሊጓዝ ይችላል። እንግዲህ አባቱን ብቻ በሚያሳየው ዘረ መል ላይ የተመሠረተ መለያ ምን ያህል እንደሚያስተማምን ከዚህ በኋላ መገመት አያስቸግርም፤ መነበብ ያለበት ጥቃቱን የሚፈጽመው ዘረ መል ራሱ ነው። በአገራችን የቡና አድርቅ በሽታን በሚያመጣው በሌላው የፉሳሪየም ዝርያ፣ በዛይላሪዮይደስ ላይም ዐረቢካን የሚያጠቃውና ሮቡስታን የሚያጠቃው ሕዝብ የተለያዩ መሆናቸው ስለ ታወቀ፣ ነገሩ የጥራጥሬ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ለሽምብራው ፎርማ ስፔሺያሊስና ለአንዳንድ ሬሶቹ በቀጥታ የሚለዩ የፒሲአር (የተመረጠን የዘረ መል ክፍል አባዝቶ የሚያሳይ ምርመራ) ምልክቶች ወጥተዋል፤ ጥሩ ነገር ናቸው፣ ሳምንታት የሚፈጀውን ሥራ ወደ አንድ ቀን ያወርዱታል። ሆኖም የተሠሩት በአብዛኛው ከሜዲትራንያን፣ ከሕንድና ከአሜሪካ በመጡ አይሶሌቶች ላይ ነው። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ቀዳሚዋ የሽምብራ አምራች፣ የሰብሉም ልዩነት በብዛት ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዷ እንደ መሆኗ፣ ፈንገሱም ከሰብሉ ጋር አብሮ ለረጅም ዘመን ኖሯል ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው። ስለዚህ ምልክቱ «የለም» ሲል በማሰሮ ሙከራ ሳይረጋገጥ መቀበል የለብንም። እኔ የምመርጠው ቅደም ተከተል የማሰሮውን ሙከራ እንደ ዳኛ፣ ፒሲአሩን እንደ ፈጣን ጠቋሚ መያዝ ነው፤ ገንዘብ ሲገኝ ቶሎ ማሽን ወደ መግዛት የሚሮጡ ባልደረቦቼ በዚህ አይስማሙም።

የተለያዩት ሕዝቦች ከማሳ ወደ ማሳ የሚሄዱበት መንገድም ከመለየቱ ሥራ አይነጠልም። የሽምብራው ፈንገስ በዘር ላይ ተሸክሞ ይጓዛል፤ ከገበያ በተገዛ ዘር አማካይነት አንድ ሬስ ወደማያውቀው ወረዳ ሊገባ ይችላል። በማረሻና በበሬ ሰኮና ላይ የተጣበቀ ኮትቻም እንዲሁ ያደርሰዋል። ሰፊ ማሳ በኩታ ገጠም በአንድ ዝርያ ሲሸፈን ለሜካናይዜሽንና ለግብይት እንደሚጠቅም እረዳለሁ፤ ነገር ግን ያንን ዝርያ የሚያሸንፍ አንድ ሬስ ቢኖር በመካከሉ የሚያቆመው ነገር አይኖርም። ከከተማው ጋር በሚዋሰነው በእኛ ዳርቻ ደግሞ መሬቱ እየጠበበ በሄደ ቁጥር ሽምብራ ወደዚያው ማሳ የሚመለስበት ጊዜ ስለሚያጥር፣ አፈሩ የሚይዘው ፈንገስ ወደ ሽምብራው እያደላ ይሄዳል።

ለጎረቤቴ የሰጠኋቸው መልስ እንግዲህ ይህ ነበር። በዚህ ዓመት ጤፍ ይዝሩ፤ ጤፍ አይጠወልግበትም፣ ፈንገሱን ግን አያጠፋውም። በሚቀጥለው መስከረም ለጠውላጊ በሽታ ታጋሽ ተብሎ የተለቀቀ ሽምብራ ከታወቀ የዘር ምንጭ ገዝተው በቀሪው እርጥበት ላይ ይዝሩ፤ ከማሳው ጥግ ላይ ግን አንዲት ትልም የአገሩን ሽምብራ፣ አንዲት ትልም ምስር እንዲዘሩልኝ ለመንኋቸው። የአገሩ ሽምብራ ወድቆ አዲሱ ከቆመ፣ የሽምብራው ፈንገስ አሁንም እዚያው እንዳለና ዝርያው እንደሚቋቋመው እናያለን፤ ሁለቱም ከወደቁ አይሶሌቱን ከሬስ መለያ ዝርያዎች ጋር እንሞክረዋለን፤ ምስሩ ከጠወለገ ደግሞ በማሳው ውስጥ የምስሩም ፉሳሪየም እንዳለ እንጠረጥራለን።

«ምስሩ ደኅና ሆኖ ቢያፈራስ?» አሉኝ። «አባባ፣ ያን ጊዜ ፍሬውን እርስዎ ይውሰዱ፣ ሥሩን ለእኔ ይስጡኝ» አልኋቸው። ከዚያ ጤነኛ ሥር ውስጥ ፉሳሪየም ቢወጣ፣ በሽምብራ ችግኝ ላይ ሳልሞክረው ምስር ለዚያ ማሳ ማፈራረቂያ ይሆናል ብዬ አልነግራቸውም።